ሁሉም የየራሱ ካርታ

ኖቬምበር 25 ቀን 1884 ለንደን ውስጥ ሪክማን ጎድሊ የተባለ ቀዶ ሐኪም የአንድ የ25 ዓመት ስኮትላንዳዊ ገበሬን የራስ ቅል ከፍቶ ከአንጎሉ ውስጥ ዕጢ አወጣ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዕጢውን ቀድሞ ያየው ሰው አልነበረም፤ ራጅ የሚባለው ነገር ገና 11 ዓመት ይቀረው ነበር። ሌላው ሐኪም አሌክሳንደር ሂውዝ ቤኔት የዕጢውን ቦታ የገመተው ከምልክቱ ተነሥቶ ነው፦ በግራ ፊት የሚጀምር መንቀጥቀጥ፣ ከዚያ የግራ ክንድ እየሰነፈ መሄድ። ይህን ምልክት ከአንጎል ስፍራ ጋር ያገናኘለት ደግሞ ዴቪድ ፌሪየር በጦጣዎች ላይ ባደረገው የኤሌክትሪክ ሙከራ የሣለው ካርታ ነበር። ዕጢው በተጠበቀበት ቦታ ተገኘ። ሰውየው ከ28 ቀን በኋላ ቁስሉ አመርቅዞ ቢሞትም፣ ታሪኩ እስከ ዛሬ የሚነገረው እንደ ካርታው ድል ነው። ድሉ እውነት ነው፤ ግን አንድ መጥፎ ልማድም አብሮት ተወልዷል፤ የሰውን አንጎል ሁሉ በአንድ ሥዕል የማንበብ ልማድ። ከዚያ ወዲህ ይህን ልማድ ደጋግመው ያፈረሱት በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ ነቅተው ሐኪም እየነካካቸው መልስ የሰጡ ሕሙማን ናቸው። የአንዱ መልስ ከሌላው መለየቱም ዘግይቶ የተደረሰበት ነገር አይደለም። ከመጀመሪያው አንሥቶ ይታይ ነበር፤ ነገር ግን እንደ ስሕተት እየተቆጠረ ከሥዕሉ ይጠረግ ነበር።

ካርታው የተጀመረው በ1870 በርሊን ውስጥ ነው። ጉስታቭ ፍሪችና ኤድዋርድ ሂትዚግ የውሻን አንጎል ቅርፊት በደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ሲነኩት በተቃራኒው ጎን ያለ እግር ወይም ፊት እንደሚንቀሳቀስ አሳዩ። ፌሪየር በ1873 በእንግሊዝ ዌክፊልድ ከተማ፣ በአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ በነበረ ቤተ ሙከራ ሥራውን አስፍቶ ቀጠለ፤ በጦጣ አንጎል ላይም የእጅን፣ የእግርንና የፊትን ቦታ በክብ በክብ ከፋፍሎ ቁጥር ሰጠው። በ1876 ስለ አንጎል ተግባራት ባሳተመው መጽሐፍ ላይ እነዚያኑ ክቦች አንሥቶ በሰው አንጎል ሥዕል ላይ አሰፈራቸው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሐኪሞች በእጃቸው ይዘውት የገቡት የመጀመሪያው የሰው አንጎል ካርታ ከሰው የተወሰደ አልነበረም። ከሰው ለመውሰድ የተሞከረበት ጊዜም የሚያኮራ አይደለም። በ1874 አሜሪካ ሲንሲናቲ ውስጥ ሮበርትስ ባርቶሎው ካንሰር የራስ ቅሏን በልቶት አንጎሏ የተጋለጠ አንዲት ሴት ላይ መርፌ ሰክቶ ፍሰት ለቀቀ። በተቃራኒው ጎን ያሉት ክንድና እግሯ ተንቀሳቀሱ፤ ፍሰቱን ሲያጠነክረው ግን በኃይለኛ መንቀጥቀጥ ተያዘች፣ ከጥቂት ቀናት በኋላም ሞተች። የሙያ ባልደረቦቹ አወገዙት፣ እሱም መጸጸቱን ጻፈ። በ1880ዎቹ ቪክቶር ሆርስሊ ለንደን ውስጥ፣ ከእርሱ በኋላ ደግሞ ፌዶር ክራውዘ በርሊን ውስጥ፣ ፍሰቱን ለሕመምተኛው ጥቅም ሲሉ በቀዶ ሕክምና መካከል መጠቀም ጀመሩ፤ ክራውዘም ከገዛ ሕሙማኑ ያገኘውን የእንቅስቃሴ ቦታዎች ካርታ አሳተመ።

ልዩነቱ ያን ጊዜም አልተሸሸገም። በ1912 ቶማስ ግራሃም ብራውንና ቻርልስ ሼሪንግተን አንድን ነጥብ በዚያው በአንድ እንስሳ ላይ ደጋግመው ሲነኩት መልሱ እንደሚለዋወጥ፣ አስቀድሞ የተነካ ጎረቤት ነጥብም የኋለኛውን መልስ እንደሚያዛባው ዘገቡ። ሼሪንግተን ላይተን ከተባለ ባልደረባው ጋር ሆኖ በ1917 ያሳተመው በቺምፓንዚ፣ በኦራንጉታንና በጎሪላ ላይ የተደረገ ትልቅ ጥናት ደግሞ ከእንስሳ እንስሳ ያለውን መለያየት መዝግቧል። የሚገርመው የዚያ ሥራ ዕጣ ነው። ሥዕሎቹ በየመማሪያ መጽሐፉ ተባዙ፤ ስለ መለዋወጥ የተጻፉት ገጾች ግን አንባቢ አጡ። ምክንያቱን ለመረዳት አያስቸግርም። ተማሪ ለፈተና የሚያጠናው አንድ ሥዕል ይፈልጋል፤ ሠዓሊው ደግሞ 20 የተለያዩ አንጎሎችን በአንድ ገጽ ማሳየት አይችልም። ለአንባቢ የቀረበው አማካዩ ነው፤ አማካዩ ግን የማንም አንጎል አይደለም።

ከእንስሳ ወደ ሰው የተደረገው ቁልፍ ሽግግር አንድ ቀላል ሐቅ ላይ የቆመ ነው፦ አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም። የራስ ቆዳውና አንጎሉን የሚሸፍነው ጠንካራ ሽፋን ከደነዘዙ፣ ሕመምተኛው ነቅቶ እያወራ አንጎሉን መንካት ይቻላል። ሃርቪ ኩሺንግ በ1909 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ይህንን ተጠቅሞ፣ ከመሐለኛው ስርጉድ በስተኋላ ያለው እጥፋት ሲነካ ነቅተው የነበሩ ሁለት ሕሙማን በእጃቸው ላይ የመዳሰስ ስሜት እንደተሰማቸው ነገረን። ይህን ጦጣ ሊነግረው አይችልም ነበር፤ እንስሳ እጁን ሲያንቀሳቅስ ይታያል እንጂ የተሰማውን አይናገርም። በዛሬዋ ፖላንድ ቭሮትስዋፍ፣ በያኔዋ ጀርመን ብሬስላው፣ ኦትፍሪድ ፎርስተር በሚጥል በሽታ የተያዙና በጦርነት የቆሰሉ ሰዎችን በዚሁ መንገድ ያክም ነበር። በ1928 ወደ እርሱ ሄዶ ለጥቂት ወራት የተማረው ዋይልደር ፔንፊልድ ዘዴውን ይዞ ወደ ሞንትሪያል ሄደ፤ በ1934 የተከፈተው የሞንትሪያል የነርቭ ሕክምና ተቋምም የዚህ ጥበብ ዋና ቤት ሆነ።

የፔንፊልድ አሠራር ጥንቃቄው ያስደንቃል። ኤሌክትሮዱ ነክቶ መልስ በተገኘበት ቦታ ሁሉ ላይ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ቁራጭ ወረቀት ትቀመጣለች፤ ሕመምተኛው የተናገረው በቃሉ ይጻፋል፤ በመጨረሻም አንጎሉ ከነቁጥሮቹ ፎቶ ይነሣል። በ1937 ከኤድዊን ቦልድሬይ ጋር ከመቶ ከሚበልጡ ቀዶ ሕክምናዎች የሰበሰቡትን ነጥቦች ሲያሳትሙ ነጥቦቹን በአንድ ገጽ ላይ አከማቹ። ያንን ገጽ በጥሞና ያየ ሰው የሚያገኘው ንጹሕ ድንበር አይደለም፤ የጣት ነጥብ ከከንፈር ነጥብ ጋር ተደባልቆ፣ እንቅስቃሴ የሚያስነሡ ነጥቦች ስሜት ብቻ ይገኝበታል በተባለው እጥፋት ላይ ተበትነው ነው። በዚያው ጽሑፍ ላይ ግን ሌላ ሥዕል ነበር፤ ትልልቅ እጅና ከንፈር ያለው የተዛባ ትንሽ ሰው። ዓለም የያዘው ይህን ነው። ፔንፊልድና ቲዮዶር ራስሙሰን በ1950 ሥዕሉን እንደገና አሻሽለው ሲያወጡት ሳይንሳዊ ትክክለኛነት ሊጠበቅበት እንደማይገባ ራሳቸው አስጠንቅቀዋል። ማስጠንቀቂያው ከሥዕሉ ጋር አልተጓዘም። ለዚህ ፔንፊልድን ብቻ መውቀስ ግን ፍትሕ አይመስለኝም፤ ነጥቦቹን ሳይደብቅ ያተመው እርሱ ነው፣ ከሁለቱ ሥዕሎች አንዱን የመረጥነው እኛ ነን።

ፔንፊልድ የዘዴውን ወሰን የተማረበት አንድ ሕመምተኛ የገዛ እኅቱ ነበረች። በ1928 መጨረሻ በቀኝ የፊተኛው አንጎሏ ላይ ያደገ ዕጢ ስለተገኘባት ራሱ ቀዶ ሕክምና አደረገላት፤ የዚያን ጎን ፊተኛ ክፍል አብዛኛውን አወጣ። ሽባ አልሆነችም፣ ንግግሯም አልጠፋም። ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ግን፣ ለጥቂት ሰው እራት ማሰናዳት የመሰለ ለዘመናት የለመደችው ነገር ቅደም ተከተሉ እየጠፋት ግራ እንደሚያጋባት ታየ። ዕጢው ተመልሶ በ1931 ሞተች፤ ፔንፊልድም ታሪኳን በ1935 በሙያ መጽሔት ላይ ዘገበው። የፊተኛው አንጎል ሰፊ ክፍል በኤሌክትሪክ ሲነካ ዝም ይላል፤ እጅ አይነሣም፣ ንግግርም አይቋረጥም። ዝምታው ሥራ ለመፍታቱ ማስረጃ እንዳልሆነ ይህች ሴት አሳይታለች። ስለዚህ አንድ ነጥብ መልስ ሰጠ ወይም አልሰጠ ሲባል ለየትኛው ጥያቄ ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ ለዕጢ ሕመምተኛ የሚዘጋጀው ካርታ ሁልጊዜ የተጠየቀው ጥያቄ ካርታ ነው።

የንግግር ቦታ ታሪክ ግን ከእንቅስቃሴው ይልቅ የከረረ ነው። ፖል ብሮካ በ1861 ፓሪስ ውስጥ መናገር አቅቶት የሞተን ሰው አንጎል መርምሮ የግራው ፊተኛ ክፍል መጎዳቱን ካሳየ ጀምሮ፣ ሐኪም ሁሉ በአእምሮው ሁለት ሳጥን ይዞ ይዞር ነበር፦ አንዱ ከፊት የብሮካ፣ ሌላው ከኋላ፣ ቆይቶ በሌላ ሐኪም በቬርኒከ ስም የተጨመረው። ፔንፊልድና ላማር ሮበርትስ በ1959 ሦስተኛ ቦታ ጨመሩ፤ ሐሳቡ ግን ያው የሳጥን ሐሳብ ነበር። ይህን በቁጥር ያናጋው በሲያትል የሠራው ጆርጅ ኦጄማን ነው። በ1989 ባሳተመው ሥራ በ117 ሕሙማን የግራ አንጎል ላይ የነገሮችን ሥዕል እያሳየ ሲያስጠራቸው፣ ፍሰቱ ስም መጥራትን የሚያውክባቸውን ቦታዎች መዘገበ። ሁለት ነገር በአንድነት ወጣ። በአንድ ሰው ውስጥ ቦታው ጠባብና ጥርት ያለ ነው፤ ከ1 እስከ 2 ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚሆኑ ጥቂት ቁርጥራጮች፣ ብዙውን ጊዜ አንዱ ከፊት፣ አንድ ወይም ከዚያ በላይ ደግሞ ከጎንና ከኋላ። ከሰው ሰው ሲታይ ግን እነዚያ ቁርጥራጮች የሚገኙበት ቦታ በእጅጉ ይለያያል። መደምደሚያውም ለቀዶ ሐኪም ግልጽ ነበር፤ የእጥፋቶቹን መልክ በማየት ብቻ ቋንቋ የት እንዳለ በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም። እኔ የዚህን ጽሑፍ ክብደት የማየው በጥምረቱ ነው። ቦታው በሰው ሁሉ የተበተነ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ የመለኪያው ድንግዝግዝታ ነው ማለት ይቻል ነበር። በእያንዳንዱ ሰው ጥርት ብሎ፣ በሰዎች መካከል ሲለያይ ግን መለኪያው ይህን ያህል ደብዛዛ እንዳልሆነ ያሳያል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከዚህ ይነሣል። እነዚህ ሁሉ ሰዎች ታመዋል፤ የኦጄማን ሕሙማን ብዙዎቹ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ነበሩ፣ ሌሎች ደግሞ ዕጢ የገፋው አንጎል ይዘው የመጡ። ልዩነቱ የበሽታው እንጂ የሰው ተፈጥሮ አይደለም ማለት ይቻላል። ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው፤ ግማሹን ግን ከቀዶ ሕክምና ክፍል ውጭ የመጣ ማስረጃ ይመልሰዋል። ካትሪን አሙንትስና ባልደረቦቿ በ1999 ያሳተሙት ጥናት የነርቭ በሽታ ሳይኖርባቸው ከሞቱ 10 ሰዎች አንጎል ላይ የብሮካን ስፍራ በሕዋሳቱ አደረጃጀት ሲለኩት፣ ከዚያ ስፍራ አንዱ ክፍል ከሰው ሰው እስከ 10 እጥፍ በመጠን ሊለያይ እንደሚችል አገኙ። ቋንቋ በየትኛው ጎን እንደሚቀመጥም እንዲሁ ነው። ራስሙሰንና ብሬንዳ ሚልነር በ1977 እንደዘገቡት፣ በልጅነት የግራ አንጎል ጉዳት ካልነበራቸው ሕሙማን መካከል ቋንቋ በግራ የሆነላቸው ቀኝ እጃቸውን ከሚጠቀሙት 96 ከመቶ፣ ግራ እጃቸውን ወይም ሁለቱንም እጅ ከሚጠቀሙት ደግሞ 70 ከመቶ ነበሩ። ዕጢ ከመምጣቱ በፊት ሰዎች የተለያየ አንጎል ይዘው ነው የሚኖሩት።

የቀረው ግማሽ እውነት ግን ችላ የሚባል አይደለም፤ እንዲያውም የዕጢ ሕሙማንን ታሪክ ከሌላው የሚለየው እርሱ ነው። ለዓመታት ቀስ ብሎ የሚያድግ ዝቅተኛ ደረጃ ግሊዮማ የተባለ የአንጎል ዕጢ፣ ልክ በብሮካ ስፍራ ላይ ተቀምጦ ሳለ ሕመምተኛው ያለ ችግር የሚናገርበት ጊዜ አለ። ያው ቦታ በአንድ ቀን ደም ሥር ተዘግቶ ቢሞት ንግግር ሊጠፋ ይችላል። የሞንፔሊየው ዩግ ዱፎ ከባልደረቦቹ ጋር በ2007 ያሳተመው ጽሑፍ ይህን ንጽጽር ፊት ለፊት አቅርቦ፣ ቀስ ያለ ጉዳት ለአንጎል ራሱን መልሶ የሚያደራጅበት ጊዜ እንደሚሰጠው ተከራክሯል። በተግባርም ሐኪሙ ፍሰቱ ንግግርን ወይም እንቅስቃሴን የሚያስቆምበት ነጥብ እስኪያገኝ ድረስ አውጥቶ የቀረውን ትቶ፣ ከዓመታት በኋላ ዕጢው ሲያድግ እንደገና ከፍቶ ሲነካ፣ ቀድሞ መልስ ይሰጥ የነበረ ነጥብ ዝም ብሎ የሚገኝበት ሁኔታ ተመዝግቧል። ስለዚህ በዕጢ ሕመምተኛ ላይ ሁለት ልዩነቶች ይደራረባሉ፤ አንዱ የተወለደበትና ያደገበት፣ ሌላው ዕጢው ያመጣው። በአንድ ቀዶ ሕክምና ሁለቱን መለየት አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። ይህ ለአጥኚው ከባድ እንከን ነው፤ ለሐኪሙ ግን ውሳኔውን አይቀይርበትም፣ እርሱ ማወቅ የሚፈልገው ነጥቡ ዛሬ የሚሠራውን ነው።

ሌላ ተቃውሞ መሣሪያውን ይመለከታል። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት፣ ጫፎቹ በ5 ሚሊ ሜትር የተራራቁ ባለ ሁለት ጫፍ ኤሌክትሮድ በሴኮንድ 50 ወይም 60 ጊዜ የሚመላለስ ፍሰት ከአራት ሴኮንድ ለማይበልጥ ጊዜ ይሰጣል፤ ኃይሉም ከ1 ሚሊ አምፔር አካባቢ ተነሥቶ ቀስ በቀስ ይጨመራል። አንዱ ሕመምተኛ በ2 መልስ ሲሰጥ ሌላው እስከ 5 ወይም 6 ይጠይቃል። ማደንዘዣው ያልለቀቀው፣ ዕጢው ዙሪያውን ያሳበጠው፣ ወይም በዕድሜ ትንሽ የሆነ ሕመምተኛ ከፍ ያለ ፍሰት ይሻል፤ ፍሰቱ ሲበዛ ደግሞ ወደ ጎረቤት ቦታ ይሠራጫል፣ መንቀጥቀጥም ሊያስነሣ ይችላል። (ቀዶ ሐኪሞቹ ሳርቶሪየስና በርገር በ1998 የቀዘቀዘ ፈሳሽ በአንጎሉ ላይ ማፍሰስ መንቀጥቀጡን እንደሚያስቆም ከዘገቡ ወዲህ በብዙ ቦታ አጠገብ ይቀመጣል።) እንግዲህ ልዩነቱ የሰዎቹ ሳይሆን የፍሰቱና የማደንዘዣው ነው ወይ? ለልዩነቱ ድርሻ አለው። ለዚህ ነው ጥንቁቅ ቡድኖች የአንጎሉን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ እየተከታተሉ ፍሰቱን ለዚያ ሰው ከሚበዛው በታች የሚያቆሙት፣ አንድን ነጥብም በአንድ ስሕተት ብቻ ሳይወስኑ ደጋግመው የሚነኩት። ኦጄማንም የቆጠረው ፍሰቱን ከዚያ መጠን በታች አድርጎ ደጋግሞ የታየውን ስሕተት ነው። የፍሰቱ መጠን ራሱ ከሰው ሰው መለያየቱ ግን ክርክሩን አያዳክምም፤ ለሁሉም የሚሆን አንድ መጠን የለም ማለት ለሁሉም የሚሆን አንድ ካርታ የለም ከማለት ጋር የሚሄድ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ይህ ነው፦ ሁሉ የተለያየ ከሆነ የአንጎል ትምህርት ምን ይሠራል? መልሱ ከራሱ ከዕጢ ሕሙማን መጣ። ዱፎና ባልደረቦቹ በ2011 በ58 ሕሙማን ላይ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የቀረውን የዕጢ ክፍል በአንድ ሥዕል ላይ ሲያስተያዩ፣ ሊነሣ ያልቻለው ክፍል በዘፈቀደ አልተበተነም፤ በመጀመሪያ ደረጃ የእንቅስቃሴና የስሜት ቅርፊት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከቅርፊቱ ሥር በሚያልፉ ረጃጅም የነርቭ መንገዶች ላይ ተሰበሰበ። ቅርፊቱ ከሰው ሰው ሲለያይና ሲደራጅ፣ ከሥሩ ያለው መስመር ግን ብዙም ምትክ አላገኘም። በ2014 ደግሞ ቴትና ባልደረቦቹ ከ165 ሕሙማን 771 ነጥቦች ሰብስበው ንግግር ቀጥ የሚልበት ቦታ በዋናነት የብሮካ ስፍራ ሳይሆን ከእርሱ ኋላ ያለው ቅድመ እንቅስቃሴ ቅርፊት መሆኑን አሳዩ። የግለሰብ መልስ በብዛት ሲከማች የድሮውን አማካይ አረመ። ስለዚህ ካርታ አያስፈልግም የሚል ክርክር የለኝም፤ ካርታ ዕድልን የሚናገር ወረቀት ነው፣ የትኛው ቦታ አስቀድሞ መጠየቅ እንዳለበት ያመለክታል።

ይህ ጥንቃቄ ፋይዳ እንዳለው ቁጥሮች አሉ። በሳን ፍራንሲስኮ የሚቸል በርገር ቡድን በ2008 ያሳተመው ጥናት 250 የግሊዮማ ሕሙማንን ያካተተ ሲሆን፣ ከተነኩት 3281 ነጥቦች 3094ቱ ቋንቋን አላወኩም። በሳምንቱ 22 ከመቶ ያህሉ አዲስ ወይም የባሰ የንግግር ችግር ነበረባቸው፤ ከስድስት ወር በኋላ ግን በሕይወት ከነበሩት መካከል ጉዳቱ ዘላቂ የሆነባቸው 4 ብቻ ነበሩ። በ2012 ደግሞ 8091 ሕሙማንን የያዙ 90 ጥናቶች በአንድነት ሲመረመሩ፣ በኤሌክትሪክ እየተነኩ ከታከሙት መካከል ከባድና ዘላቂ ጉዳት የደረሰባቸው 3.4 ከመቶ፣ ያለዚያ ከታከሙት 8.2 ከመቶ ሆነው ተገኙ። እነዚያ ጥናቶች በዕጣ የተመደቡ ሕሙማንን የሚያነጻጽሩ ስላልሆኑ ልዩነቱን ሁሉ ለዘዴው መስጠት አይገባም፤ ቢያንስ ግን በኤሌክትሪክ እየነኩ ዕጢውን ይበልጥ ያወጡት ሐኪሞች የበለጠ አልጎዱም።

ሁለትና ሦስት ቋንቋ የሚናገር ሰው በሚበዛበት አገር ላለ አንባቢ የሚቀርበው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ኦጄማንና ዊታከር በ1978፣ ከዚያም በ2004 ሉካስና ባልደረቦቹ በ25 ባለ ሁለት ቋንቋ ሕሙማን ላይ እንዳሳዩት፣ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውኩ ነጥቦች አሉ፣ አንዱን ብቻ የሚያውኩም አሉ። በአንዱ ቋንቋ ብቻ የተጠየቀ ሰው ሌላውን ሊያጣ ይችላል ማለት ነው። የሥዕሎቹ ዝርዝርም ችግር አለው፤ ብዙዎቹ ለእንግሊዝኛ ወይም ለፈረንሳይኛ ተናጋሪ ታስበው የተዘጋጁ ናቸው፣ በሌላ አገር አንዱ ሥዕል ሁለት ስም ሊኖረው ወይም ጨርሶ ሊያስቸግር ይችላል። ለዚህም ሲባል ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሕመምተኛው ሥዕሎቹን ሁሉ ያያል፤ ያልሰየመው ወይም ያመነታበት ሥዕል ይወጣል፣ ያለ ማመንታት የጠራው ብቻ ለጠረጴዛው ይቀመጥለታል። ስለዚህ ከሁለት ሕሙማን የተገኘ መልስ በአንድ ካርታ ላይ ሲነጻጸር የቀረበላቸው ጥያቄም ያው አንድ አልነበረም።